ባንኳ እማ ነበረች

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ነው የዋለብኝ። ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ እያካፋ ነው፣ መብራት መጣ ሄደ መጣ ሄደ፣ ልብስ ላጥብ ብዬ ዘፍዝፌ ትቼዋለሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ ግን እህቴ ከውጭ ለልጆቹ ያመጣችው ሞኖፖሊ የሚባለው ቦታ እየገዙ የሚያከራዩበት ጨዋታ ተቀምጧል፣ እሱን ሳይ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

ብር የለውም እኮ። ማለት ወረቀቱ የለም፣ ካርድ ነው ያለው፣ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ይገባና ከአንዱ ይቀንሳል ለሌላው ይጨምራል፣ በቃ፣ መልስ የለ ጭቅጭቅ የለ። እንግሊዝ አገር ይሄ ባለ ካርዱ የወጣው በነሱ 2006 ነው፣ ያኔ እኛ ጋ ኤቲኤም ማን አይቶ። ድሮ 1500 ተይዞ ይጀመር የነበረው 15 ሚሊዮን ሆኗል፣ መነሻው ሲታለፍ የሚሰጠው 200 ደግሞ 2 ሚሊዮን፣ ኑሮ ውድነት ጨዋታው ውስጥም ገብቷል ማለት ነው ሃሃ። በነሱው 2011 ደግሞ መሃሉ ላይ ማማ የቆመበት አወጡ፣ ዳይስም ብርም አያስፈልግም፣ ማማው ራሱ እያወራ ያጫውታል። በ2019 ባርኔጣ መጣ፣ ቦታ ልግዛ ሲሉት ሰምቶ ሂሳቡን የሚሠራ። ባርኔጣ!

የኛ ሞኖፖሊ ብሩ ተቀዳዶ ስላለቀ ከደብተር ወረቀት እየቆረጥን ነበር የምንጫወተው፣ ቤቶቹ የበቆሎ ፍሬ፣ ሆቴሎቹ የሽምብራ ቆሎ (ታላቃችን አያ ተናዶ ሆቴል የበላበት ቀን አለ፣ ከነኪራዩ)። ከሁሉም ውዷን ቦታ፣ ሜይፌርን፣ ጣና ዳር ነበር የምንላት። እማ "እኔ ምኑን አውቄው" ትልና አትጫወትም፣ ግን ባንኳ እሷ ነበረች፣ ብሩን በሰፌድ ይዛ ቡናዋን እየቀዳች። ለከሰረ "ያዝ፣ ኋላ ትከፍላለህ" ትላለች። ማንም ከፍሎ አያውቅም።

ባለፈው ልጆቹ ሲጫወቱ ቁጭ ብዬ አየኋቸው፣ ቤቱ ፀጥ። ትንሿ ካርዷ ባዶ ሆነ፣ ማሽኑ ጢጥ አለባት፣ አለቀ፣ ተነስታ ሄደች። ያዢ የሚላት የለማ። መልስ መቁጠርም አይችሉም፣ ከየት ይችላሉ፣ ሱቅ ሲላኩም ቴሌብር ነው። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ለአንድ ነገር ይሻላል፣ ትንሽ ናት ብሎ አያታልላትም፣ እኛ ጋ ትንሽ የሆነ ሰው ሁሌ የጨዋታው እስር ቤት ውስጥ ነበር።

ግን ጨዋታ እኮ ግማሹ ክርክር ነው። ዳማ ራሱ፣ ኔት የጠፋ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቆርኪው ሲመለስ ከተጫዋቹ ተመልካቹ ነበር የሚጮኸው። ሰንጠረዥማ (ቼዙ) የድሮው የኛ አገሩ ሲጀመር ተራ እንኳን አልነበረውም፣ ወረራ ይሉት ነበር፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ሳይጠባበቁ እጃቸው እንዳመጣ ያንቀሳቅሱ ነበር። እሱን ለማሽን ማን ያስረዳዋል፣ "እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ" ነው የሚለው።

አያን ደግሞ ማሽን ምን ያደርገው ነበር? ከሰፌዱ ላይ እየሰረቀ ነበር እኮ የሚጫወተው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ እማ ደግሞ ፊት ለፊቷ እያየች ዞር ትላለች። ያኔ ሥራ ፈቶ እኛ ጋ የተቀመጠ ጊዜ ነው። ልጅ ሆኜ አላየችውም ብዬ በጣም ነበር የምናደደው።

ቆይ ግን።

እሱን አይታ ካለፈች፣ እኔስ? እኔ እኮ ሁሌ ነበር የማሸንፈው። መልስ ስትሰጠኝ ሁሌ ትንሽ ትርፍ ይኖረው ነበር፣ እኔም "እማ ሂሳብ አትችልም" ብዬ ዝም ብዬ እከተው ነበር። ገበያ እህል ሸጣ ያሳደገችን ሴት፣ በሳንቲም ከነጋዴ ጋር ስትከራከር የምትውል ሴት፣ የደብተር ወረቀት ስትቆጥር ትሳሳታለች? አሁን ብጠይቃት "ሂጅ ወዲያ ሥራሽን ሥሪ" ነው የምትለኝ፣ አውቃታለሁ።

እስከ ዛሬ የንግድ ጭንቅላት አለኝ እያልኩ ነው የኖርኩት እኮ። ሱቁን የከፈትኩትም በሱ ተማምኜ ነው።