ኮምቦልቻ ያለ ጋራዥ ጎግል ላይ እንዲገኝ

በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ኮምቦልቻ ላይ ፍሬኑ ቢያስቸግረው፣ ስልኩን አውጥቶ ጋራዥ ይፈልጋል። ከሚመጡለት ሁለት ሦስት ስሞች ወደ አንዱ ይደውላል። እዚያ ውስጥ የሚያስገባው የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነፃ ይከፈታል፤ አሞላሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስም የሚለው ቦታ ላይ ታፔላው ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። «ምርጥ የከባድ መኪና ጋራዥ» እያሉ መጨመር ደንቡን ይጥሳል፣ ፕሮፋይሉንም ሊያሳግድ ይችላል። የሥራው ዓይነት የሚነገረው «ምድብ» በሚለው ቦታ ነው። አድራሻው ላይ ደቡብ ወሎ ማለትን አይርሱ፤ ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 የሚሠራ ጋራዥ 2:00 እና 12:00 ብሎ ከሞላ፣ ጎግል የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ነው ብሎ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የፈለገ ደንበኛ «ዝግ» የሚል አይቶ ያልፋል፣ እርስዎ ግን በር ከፍተው ተቀምጠዋል። ትክክሉ 8:00 እና 18:00 ነው። ለኢድና ለፋሲካ ደግሞ «ልዩ ሰዓት» በሚለው አስቀድመው ይሙሉ፤ ዝግ በር ላይ የደረሰ ሰው ሁለተኛ አያምንዎትም።

ካርታው ላይ ቦታዎን የሚያመለክተውን ምልክት፣ ፒኑን፣ ቢሮ ተቀምጠው በግምት አይትከሉ። በሩ ላይ ቆመው፣ በሳተላይት ምስሉ ጣሪያዎን ለይተው ያስቀምጡ። በተለይ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ሥር ዳገት ቁልቁለት በሆነ ከተማ፣ ትንሽ የሳተ ፒን ሰውን ከበላይ ባለው መንገድ ያወጣዋል። የቤት ቁጥር በማይጠየቅበት ሰፈር ፕላስ ኮድ፣ ማለትም ጎግል ካርታ ላይ በፊደልና በቁጥር የሚጻፍ የቦታ አድራሻ፣ ትልቅ እገዛ ነው፤ ሙሉው ኮድ 14 በ14 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ያመለክታል። ገልብጠው ለደንበኛ በቴሌግራም ይላኩለት።

ጎግል ጋራዡ በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው። ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ በሩን በቁልፍ ሲከፍቱ፣ ከዚያ ክሪኩንና የውስጥ ዕቃውን ያሳዩ። ቤት ውስጥ ብቻ የተቀረጸ ቪዲዮ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ ቦታው የት እንዳለ አያሳይምና።

አስተያየት በገንዘብም በቅናሽም አይግዙ፤ ክልክል ነው፣ አንባቢም ያውቅበታል። ሥራው ሲያልቅ አስተያየት የሚጻፍበትን ሊንክ ልከው በትሕትና ይጠይቁ። ለሚወቅስዎ ደግሞ ምን ተበላሽቶ እንደነበርና ምን እንደተስተካከለ በሁለት መስመር ይመልሱ። ቀጣዩ ደንበኛ ከምስጋናው ይልቅ ያንን መልስ ነው አጥብቆ የሚያነበው።

ስልኩን በ+251 ጀምረው ዜሮዋን አውጥተው ይጻፉ። ሲም ከቀየሩ ፕሮፋይሉን፣ ፌስቡኩን፣ የቴሌግራም ቻናሉንና ታፔላውን በአንድ ቀን ያስተካክሉ።