ሳንጸልይ የጠበቀው የእጅ ፍሬን

የስለት ዕዳ አለብንና እንክፈል። ኅዳር 26፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዕለት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተሳልመን፣ ከዚያም አርዲቦ ዳር መንደር ገብተን የታመሙ እናት ጠይቀን ስንመለስ የተከራየናት ኮሮላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከለከለችን። ስድስት ነፍስ ነበርን። በዚያች ደቂቃ የተሳልነው ጧፍና ጃንጥላ ብቻ አይደለም፤ «ከዚህ አውጣን እንጂ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አንድ ሳናስቀር ለሚነዳ ሁሉ እንናገራለን» ብለናል። ጧፉ በርቷል፣ ጃንጥላውም ገብቷል። የቀረው ይሄ ነው። ከለመዳችሁት ምስክርነት ይልቅ እዚህ ዘይትና ቁልፍ ቢበዛ አትታዘቡን፤ የተሳልነው እሱን ነው።

ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ገዳሙ ያለበት ሎጎ ሐይቅ ከከተማው አጠገብ ነው። አርዲቦ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ከሎጎ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ። ትርፍ ውሃው በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሎጎ ይወርዳል። እንግዳ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሐይቅ ዳር» ሲባል ሜዳ ይመስለዋል፤ ቪትዝም ኮሮላም ይበቃል ብሎ ይነሳል። ውሃው የሚወርድበት አገር ግን መንገዱም ይወርዳል። ያውም ጥርጊያው በኅዳር ዱቄት አቧራ ነው፤ ከአቧራው ሥር ያለው ልቅ ጠጠር ጎማን እንደ አተር ያንሸራትታል። አጨዳውም የዚያን ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ላይ ጭነት የያዙ አህዮችና ሰው አይጠፉም።

የሆነው ነገር አጭር ነው። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ፔዳሉ ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ለሰለሰ። በሁለተኛው ረገጣ ወለል ነካ። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ማሽላ የጫኑ አህዮች። ሐይቅ ጤና ጣቢያ ልናደርሳቸው ከኋላ መሀል ያስቀመጥናቸው የታመሙት እናት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ያረቢ!» ሲሉ፣ ጋቢና ያለው «እመ ብርሃን!» ይላል። ወሎ ነውና አሚኑ አንድ ላይ ወጣ። ሹፌሩ ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረደ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ፤ መኪናዋ በጎኗ ግድግዳውን እየታከከች ሄዳ ከአህዮቹ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። የቀኝ መስታወቷና ትንሽ ቀለም ቀረ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» ያሉት እናታችን ናቸው፤ ታማሚዋ እሳቸው፣ አጽናኟም እሳቸው።

እኛ ተአምር የምንለው ግን መቆሟን አይደለም። ያ የእጅ ፍሬን ጠዋት አይዝም ነበር። ስንሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ ጎማ ተነፈሰና ጎሚስታ ቤት ገባን። ልጁ መኪናዋን በክሪክ ሊያነሳ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም ወደኋላ ስትንሸራተት አያት፤ ከጎማ ሥር ታኮ አስገባና ጎማውን ቀየረ። ሥራውን ሲጨርስ ማንም ሳይጠይቀው ጋቢና ገባ፣ የእጅ ፍሬኑን መሸፈኛ ፈታ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ዳዶውን ትንሽ ዞር ዞር አደረገና «አሁን ይይዛል» አለ። ያስከፈለን የጎማውን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ እስከጮህንበት ሰዓት ድረስ ሁለት ሰዓት አለ። ጸሎታችን መልስ ያገኘው ከመጸለያችን ሁለት ሰዓት ቀድሞ ነው፤ ምስክርነታችንም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዕዳው።

የመኪና ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚቀይር ነገር ነው። 1400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ የሚወጣው ሙቀት 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ትልቅ የድግስ ጀበና ማለት ነው፤ የሚፈላው ግን መዳፍ በሚያክል የፍሬን ሸራና ሸራው በሚጨብጠው ዲስክ ላይ ነው። ሙቀቱ በሸራው አልፎ፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐር፣ ከዚያም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ሸራው ወፍራም ከሆነ ሙቀቱን ያዘገየዋል፣ ካለቀ ግን መከላከያ የለም። ዘይቱ ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው፤ ደረቁ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ሲሆን ከ230 ወደ 155። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፈሳሽ ተጨቁኖ ኃይል ያስተላልፋል፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል እንጂ አያስተላልፍም። እግር ወለል የሚነካው ለዚህ ነው። ሜካኒኩ ኋላ ሲፈታው የቀኙ የፊት ሸራ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አልቀረውም፤ ዘይቱም እንደ ጠላ ጠቁሯል። አዲስ ዘይት የነጣ ማር ነው የሚመስለው። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ መጨመር መቀየር አይደለም። የሚከራይ መኪና ደግሞ ስንት እግር እንደሚረግጠው አስቡት፤ ሁሉም የሰው ነው ብሎ ይረግጣል።

የእጅ ፍሬኑ ያን ጊዜ ለምን ሠራ? ዘይት ስለማያውቅ። የሚጎተተው በሽቦ ገመድ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን ሸራ በቀጥታ ይስባል። የፊቱ ዘይት ቢፈላ እሱ አይሰማም። ስለዚህ ቁልቁለት አገር ላይ የእጅ ፍሬን የማቆሚያ ጌጥ ሳይሆን ሁለተኛ ፍሬን ነው፤ ሰው ግን መኪና ሲከራይ ቴፑን ከፍቶ ይሰማል እንጂ እሱን አይሞክርም። እኛም አልሞከርንም።

ስትከራዩ የምታደርጉት 20 ደቂቃ አይፈጅም። ኮፋኖውን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን ማስቀመጫ እዩ፤ ከታችኛው ምልክት በላይ መሆኑንና ቀለሙን። ዘይቱ ዝቅ ካለ ወይ ይፈሳል ወይ ሸራው አልቋል፤ «እንጨምርልሃለን» ቢሉ አትቀበሉ። ሞተር ሳይነሳ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ረግጣችሁ በመጨረሻው ላይ ያዙትና ሞተሩን አስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ዝቅ ካላለ ለእግር የሚያግዘው ክፍል ሞቷል። ከዚያ በኃይል ረግጣችሁ 30 ሰከንድ ያዙ። ቀስ እያለ ከሰመጠ የፍሬን ማስተሩ (ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ አልቋል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ያን መኪና ተዉት። አራቱንም ጎማዎች ከውስጥ በኩል በባትሪ እያበራችሁ እዩ፣ እርጥብ ነገር መኖር የለበትም። የፊት ሸራው በጎማው ቀዳዳ በኩል ይታያል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ አስቀይሩ። የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ስባችሁ ማርሹን ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጉ፣ ትቆማለች ወይስ ትንሸራተታለች? ጭራውን ስትስቡ ከ5 እስከ 8 «ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው ጤነኛው፤ ጣራ ሊነካ ከደረሰ ላልቷል። ለጥ ያለ ቦታ ላይም በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ፍጥነቷ ሲቀንስ ሊሰማችሁ ይገባል።

ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውርዳችሁ አየሩን አስለኩ። እዚያው ተኝቶ የተነፈሰ ስኮርታ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ክሪክ መኖሩን፣ የጎማው ቁልፍ የዚያችን መኪና ዳዶ መያዙን በእጃችሁ ሞክሩ። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን ጋቢና ውስጥ ይኑሩ፤ ኢንሹራንሱም መኪናዋ እንደምትከራይ የሚያውቅ መሆኑን ውሉ ላይ አንብቡ። የግል ተብላ የተመዘገበች መኪና ለኪራይ ወጥታ ጉዳት ቢደርስ፣ ኢንሹራንሱ ካሳ ሊከለክል፣ ዕዳውም ተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጭረቶቹን ሁሉ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ለመንገዱ ደግሞ 5 ሊትር ውሃ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ ባትሪ ያዙ። ታኮ ሳትይዙ ድንጋይ አለ አትበሉ፤ የምትፈልጉት ድንጋይ ሁሌ ከመኪናው ስድስት እርምጃ ይርቃል።

ሰው ስትጭኑ ቁጠሩ። ኮሮላ አምስት ሰው ነው የምትይዘው። ታማሚ ለመጫን ስንል ስድስት መሆናችን ትክክል አልነበረም፤ አንዱ ወርዶ በባጃጅ መምጣት ይችል ነበር። ደግነቱና ሕጉ እዚያ ላይ ተጣሉብን፤ ሕጉ ነበር ትክክል።

ወደ አነዳዱ። ለቁልቁለት የቆየ የሹፌር ሕግ አለ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በሁለት የወጣችሁትን በሁለት። ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናዋ ከሮጠች በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ አልገባ ይላል፣ ያኔ እጅ ፎሌ ላይ ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ ሰው አለ፤ የሚቆጥበው ሁለት ጉንጭ ቤንዚን ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ከ«ዲ» አውጥታችሁ ወደ «2»፣ ወደ «ኤል» ወይም ወደ «ቢ» አውርዱት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፍሬን ስትረግጡም እግር አስቀምጦ መሄድ አይደለም። ጠንከር አድርጋችሁ ፍጥነቷን ቀንሱና ልቀቁ፣ አየር ይንካው፣ እንደገና ስትሮጥ እንዲሁ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከበፊቱ ጠልቆ መያዝ ከጀመረ ማስጠንቀቂያው ያ ነው። እኛ ሽታውን ሸተነው። «የከሰል እሳት ነው፣ ከመንደሩ» አልን።

ይሄ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ፔዳሉ ወለል ከነካ፣ ሞተር አታጥፉ፤ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ለፍሬኑ የሚያግዘውም ይሄዳል። ሦስት አራት ጊዜ ፈጥናችሁ ረግጡ፤ አንዳንዴ ጥቂት ይመለሳል። ማርሽ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አትወርውሩ፤ በተራ አውርዱ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫናችሁ ሳቡ፣ ልቀቁ፣ ሳቡ። በአንድ ጊዜ ከሳባችሁት የኋላ ጎማ ይቆለፋል፤ ጠጠር ላይ ደግሞ የኋላው ፊት ሊሆን ይዞራል። ክላክስ አትልቀቁ፤ አህያም ሰውም የሚሸሸው በሱ ነው። ከገደሉ ይልቅ ግድግዳውን ምረጡ፣ በአፍንጫ ሳይሆን በጎን ታከኩት። ቀለም ይቀባል።

ከቆማችሁ በኋላ ታኮ አድርጉ፣ ማርሽ አንድ ላይ ይሁን፣ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው በኩል ይውረድ። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍሱ፤ ይሰነጠቃል። አንድ አዛውንት ጀሪካን ይዘው ሲመጡ «አባባ፣ ይቆይ» ብለን በግድ ነው የመለስናቸው። 45 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ፔዳሉ እንደ አዲስ ይጠነክራል፤ የሚያታልለው ይሄ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗል እንጂ ዘይቱ ያው እርጥቡ ዘይት ነው፣ በሚቀጥለው ቁልቁለት ይፈላል። እኛ እናታችንን በሌላ መኪና ልከን ኮሮላዋን በፒካፕ አስጎተትን። ሐይቅ ከተማ ላይ የፊት ሸራ ተቀየረ፣ አሮጌው ዘይት ወጥቶ አዲስ ዶት 4 ገባ፣ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን መስመሩ አየር ወጣ፤ ከኋላ ቀኝ ጀምሮ ለማስተሩ ቅርብ በሆነው የፊት ጎማ ማለቅ ነው ሥርዓቱ። አከራዩ የሸራውንና የዘይቱን ከፈለ፣ መስታወቱን እኛ ከፈልን። ያስማማን ቪዲዮው ነው።

ጎሚስታው ልጅ ጋ ተመልሰን የሆነውን ስንነግረው ብዙም አልደነቀውም። «እኔ'ኮ ታኮዬን ነው ያሰብኩት፣ መኪናዋ ገፍታ ልትሰብረው ነበር» አለ። ገንዘብ አልወስድም አለ። የ10 ቁጥር ቁልፉን አየነው፤ አፉ ተበልቶ ዳዶ ላይ ይሾልካል፣ የኛን ያጠበቀው ጨርቅ አስገብቶበት ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ ገዝተን ላክንለት።