ካርታውን ይዤ ቀኑን ረሳሁት

ባለፈው ኅዳር የአክስቴ ልጅ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጣች። ያጠናችው ግንባታ ነው። ሰው ቤት ስትገባ ከባለቤቱ ቀድማ ግድግዳውን ሰላም የምትል ዓይነት ናት። የነበረን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ ወደ መሀል ከተማ መሮጥ ልማዴ ቢሆንም፣ በዚህ ጊዜ ግን መሀሉን ትተን ዳር ዳሩን እንድናይ ወሰንኩ፤ የቆየ ቤት እናያለን፣ አካባቢው የሚበላውን እንበላለን።

መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሠራሁ። ቅዳሜ እንጦጦ፤ እሑድ በቡራዩ አድርገን ሆለታ፣ ከዚያ አዲስ ዓለም። ሰዓቱ ተጻፈ፣ መንገዱ ተለካ፣ የምግቡም ዓምድ ሞላ፦ ጨጨብሳ በለጋ ቅቤ፣ እርጎ፣ ዓይብ በጎመን። ሆለታ በወተቷ የታወቀች ስለሆነች ምሳውን እዚያ አደረግሁት። ቀኑን ግን ኮምፒውተሩ በሚያውቀው አቆጣጠር ኖቬምበር 29 እና 30 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች አንዲት ዓምድ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። እንቁላል ጠብሼ አቀረብኩላት። ሳህኑን አይታ ፈገግ አለች።

«ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት ሊሆነው እኮ ነው።»

እኔ የገናን ጾም አልጾምም፤ እሷ እንደምትጾም ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ። እንቁላሉን ብቻዬን በላሁ። የእሑዱ የምግብ ዓምድ ገና ከቤት ሳንወጣ ተሰረዘ።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑን በሠንጠረዡ ጽፌ፣ ለድሬዳዋ ሰው ልብስ ማዘጋጀቱን ረስቼዋለሁ። እዚያው ከሸማ ሻጮቹ ጋቢ ተገዛላት፤ ቀኑን ሙሉ ከላይዋ አልወረደም።

እንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ናት። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 የነገሡት እዚህ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቤተ መንግሥት ያላየ ሰው በምናቡ ድንጋይና ወርቅ ይስል ይሆናል። የሚያገኘው ኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። እኔ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አሥር ደቂቃ ዞሬ፣ ፎቶ አንስቼ ወጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ጥግ ላይ ቆማ ቀረች። ኖራው ተልጦ ምርጊቱ ታይቷል፤ ከጭቃው ውስጥ ጭድ እንደ ጺም ብቅ ብቅ ብሏል። ሳትነካው ጎንበስ ብላ አየችው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልቦካ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ጭዱ ለጭቃው እንደ ጅማት ሆኖ እንደሚይዘው አስረዳችኝ። አያታችን አንኮበር መንገድ ላይ የነበራቸውን ቤት በየዓመቱ ለምን ያስመርጉ እንደነበር በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። የንጉሡና የአያቴ ቤት በስፋት እንጂ በዕቃ አይለያዩም። ቋሚ፣ ማገር፣ ጭቃ፣ ሣር። በዚያች አንዲት ጥግ አንድ ሰዓት ቆየን፤ ሠንጠረዡ የሰጠን ሃያ ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ቦታዎች ሰረዝኳቸው፤ አንዳቸውም አልቆጩኝም።

ምሳችን በያይነቱ ነበር። ጥሩ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እሑድ በጠዋት የወጣነው በጓደኛዬ መኪና ነው። ቡራዩን እንዳለፍን ነጠላ የለበሰ ሰው በዛ። እሑድ ስለሆነ ነው አልኩ። ሆለታ ስንደርስ ሚኒባሶቹ ሁሉ በነጭ ለባሽ ተሞልተዋል። ግራና ቀኝ የጤፍ ነዶ ተከምሯል፣ አጨዳ ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ይሄኔ የአክስቴ ልጅ በጣቷ ቆጠረችና «ዛሬ ስንት ነው?» አለችኝ። «ሠላሳ» አልኩ። «በእኛ ነው የምልህ።»

ኅዳር 21 ነበር። ጽዮን ማርያም! እኛ ደግሞ የምንሄደው አዲስ ዓለም፣ ደብረ ጽዮን ማርያም። በዓመት ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ ጸጥ ብዬ ሕንፃ አያለሁ የሚል ሰው ሊሸሸው የሚገባውን ቀን መርጬ ነበር። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀችና «አንተ ልጅ፣ ክርስትና አላነሣሁህም እንዴ?» አለችኝ።

መኪናውን ከከተማው ዳር አቁመን በእግር ወጣን። ታቦቱ ወጥቷል፣ እልልታውና ከበሮው ከጉብታው ይወርዳል። ስለ ሕንፃው ያየሁት ከሰው ትከሻ በላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ሙዚየሙም ዝግ ነበር። ቁልፍ ያዡ እያገለገሉ እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የጉዞው ምርጥ ምግብ ግን የተገኘው እዚያው ነው። ከዛፍ ሥር ቤተሰባቸውን ይዘው የተቀመጡ እናት ቆመን ሲያዩን በእጃቸው ጠሩን። ለእኔ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ለምትችለው ለአክስቴ ልጅ በኦሮምኛ «በጽዮን ቀን ባዶ ሆድ አይኬድም፣ ልጆቼ» አሉን። ከመሶቡ ድፎ ዳቦ ቆረሱልን። በኮባ የተጋገረ ስለነበር የቅጠሉ ሥር ቅርፊቱ ላይ ልክ እንደ ማኅተም ታትሟል፤ ውስጡ ትኩስ፣ ጥቁር አዝሙዱ የሚሸት። ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ተዘገነ። ለዚህ ምግብ በሠንጠረዤ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እናቲቱን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጠየቅኋቸው። ከእናት አባታቸው የሰሙትን ነገሩን፦ ቤተ መንግሥት ሊሆን ተጀምሮ ለማርያም ተሰጠ። መጻሕፍትም ይህንኑ ይላሉ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት ምኒልክ መናገሻውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀመሩ። በኋላ ግን ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ለዋና ከተማዋ ደረሰላትና ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ፣ የእኔ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ መወጣጫው ከምን እንጨት እንደነበር ጠየቀችኝ። ከባሕር ዛፍ ነበር። ይህን ጥያቄ ለማንሳት 50 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረብን።

ሕንፃውን ሳላይ መቅረቱ ስላልተዋጠልኝ ከገና በኋላ ጥር 2 ቅዳሜ ብቻዬን ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የተከፈተው የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጾም የለም፣ ትልቅ በዓል የለም። ቅዳሴ እስኪያልቅ ሆለታ ቆየሁ። እርጎው በወይራ ከታጠነ ዕቃ የተቀዳ ነበርና ጭሱ አፍ ላይ ይቀራል፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቅሁ። አዲስ ዓለም ስደርስ ግቢው ውስጥ ከአንድ ካህንና ከሁለት አረጋውያን በቀር ሰው አልነበረም። ካህኑ ቁልፍ ይዘው ወጡ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳዩ አዞሩኝ። ቸኩሎ የሚጠብቀኝ ሠንጠረዥ አልነበረም፤ ወጥቼም ጉብታው ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ሁሉንም በደንብ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ ዳቦው ሳስብ ነበር።

አሁን የምናቅደው ወደ አዳዲ ማርያም ነው፤ ከአለት ወደተፈለፈለችው። የአክስቴ ልጅ እንደገና ትመጣለች። ትናንት ደውዬ የካቲት 7 ቅዳሜ እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለሚገባ፣ ከጾሙ በፊት ነው ብዬ በራሴ ኮርቻለሁ። ትንሽ ዝም አለችና «የቅበላ ቅዳሜ ነው እኮ፤ የትኛው ሥጋ ቤት ነው ወንበር የሚሰጠን?» አለችኝ።

ጥር 30 ብለን ጻፍን።