89ኙ ደረጃ

ዛሬ ጠዋት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ፣ ታናሽ ወንድሜ በስልኩ ሰዓት እየያዘልኝ፣ ካፖርቴን እንደ ለበስሁ 89 ደረጃ በሩጫ ወጣሁ። ቁጥሩ የስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የኦሎፍ ፓልሜ ገዳይ ያመለጠበት ደረጃ ነው። ፓልሜ የካቲት 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ፣ ያለ ጠባቂ ከባለቤታቸው ጋር ከሲኒማ ወደ ቤታቸው በእግር ሲመለሱ፣ ስቶክሆልም ውስጥ በስቬያቬገን ጎዳና ማዕዘን ላይ ከኋላቸው በጥይት ተመቱ፤ ገዳዩም ቱኔልጋታን በተባለው ጠባብ መንገድ ሮጦ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ከላይ ካለው ጎዳና ባሻገር ተሰወረ።

በዳገት ያደግሁ ብሆንም አምሳኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ዛለ፤ መዳፌን ስላላበኝ የደረጃው መደገፊያ ብረት ያንሸራትተኝ ጀመር። ሆኖም ላይ ስደርስ አንድ ደቂቃ አልሞላኝም።

በእኔ ግምት ገዳዩን የጠቀመው ፍጥነቱ ሳይሆን የደረጃው ጠባይ ነው፤ መኪና አይከተለውም፣ መሣሪያ የያዘን ሰው በጨለማ ለመከተል የሚያመነታ ምስክር የሚያጠፋው ጊዜም ከላይ ወደ ሌላ መንገድ ለመታጠፍ ይበቃል። በእርግጥ አንድ ወጣት ተከትሎት ወጥቶ ነበር፤ አልደረሰበትም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን፣ ፖሊስ የከለለው ቦታ እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ሁለቱን ጥይቶች በኋላ ያገኟቸው መንገደኞች መሆናቸው ነው። መዝገቡ በ2012 ዓ.ም. ተዘግቷል።

ነገ ሲመሽ ደግሜ እወጣዋለሁ፤ ወንድሜም ከታች ሆኖ፣ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ይከተለኛል።