ከፍቺ በኋላ የሚቀር ሽምግልና

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚመጣው ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው። ፍቺው ከጸና ግን ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔና የልጆቼ እናት ስንለያይም እንዲሁ ሆነ። «ለልጆቹ ስትሉ ታረቁ» እያሉ ደጃችንን ሲያንኳኩ ከከረሙት ሰዎች ውስጥ፣ ውሳኔው ከወጣ በኋላ የልጆቹን ነገር ያነሣ አልነበረም። ይህ አሁንም ይገርመኛል፤ ለልጆቹ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ነበር።

ሕጉ የሚችለውን አድርጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአንቀጽ 113፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን የልጆቹን አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ወላጆችና ልጆች የመጠያየቅ መብት እንዳላቸውም ይናገራል፤ ልጆቹም ጭምር ማለቱን እወድለታለሁ። ይሁን እንጂ የበዓሉን ዶሮ ልጆቹ የት ይብሉ የሚለውን ዳኛ አይወስንም። እኛን ያጣላን ደግሞ በዓል ነው። ውሳኔያችን «ቅዳሜና እሑድ ከአባታቸው ጋር» ይላል፤ ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ነው። ስለዚህ እናታቸው በወረቀቱ መሠረት አንድም ፋሲካ ከልጆቿ ጋር አትፈስክም ማለት ነው። መቆጣቷ አያስወቅሳትም።

ዛሬ የእርሷ አጎት ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሚስትህን መልስ ስልህ እምቢ በማለትህ ተቀይሜህ ነበር፤ በልጆቹ ከመጣህ ግን ቅያሜው ይቅር» አሉኝ። ከዚያ ስልክ ደውለው የእርሷንም ሐሳብ ሰሙ። ፋሲካ የእርሷ፣ ዳግማይ ትንሣኤ የእኔ ሆነ፤ ገና ደግሞ በየተራ። ልጆቹ ሁለት ጊዜ ዶሮ ይበላሉ፤ ቅር የሚለው ማን ነው?

ቀለቡን በቀጥታ በባንክ አስገባለሁ፤ «ክፍያ ደርሷል ብለህ ለአባትህ ንገረው» የሚባል ነገር ቀርቷል። እርሷና እኔ የምንጻጻፈው ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሕመምና ስለ ሰዓት ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ከጭቅጭቁ ግን ይሻላል። ዱላና ማስፈራራት ባለበት ቤት ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እዚያ ሽማግሌ ሳይሆን ሕግ ነው የሚቀድመው።

ታናሿ ቶሎ ተመልሳልኛለች። ታላቁ ልጅ ግን ለረጅም ጊዜ ከእኔ ጋር ሲሆን ከአንገቱ ቀና አይልም ነበር። የእናቱን ቤት ወሬ አልጠይቀውም፤ ራሱ ካወራኝ እሰማለሁ፣ እርሷን ሲያመሰግናት ፊቴን አላጠቁርም። ልቡን የከፈተልኝ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው፤ ስለ ክፍልፋይ ስንከራከር ስለ ጓደኞቹ ማውራት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ወጤን ቀምሶ «እማዬ ሽንኩርቱን እንዲህ ጥሬ አታደርገውም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዴት እንደምታበስለው ጠይቆ እንዲመጣ ላልኩት ነበር፤ መልእክተኛ እንዳላደርገው ተውኩትና ራሴ ጻፍኩላት። በዝርዝር መለሰችልኝ።

የቀረው እንቁጣጣሽ ነው። ልጅቷ አበባየሆሽ የምትለው ከእናቷ ሰፈር ልጆች ጋር ስለሆነ፣ ጠዋቱን ለዚያ ትቼ ከሰዓት በኋላ ልወስዳት አስቤ ነበር። ለጋሼ ስነግራቸው፣ «መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቃት» አሉኝ። ቅዳሜ ስትመጣ እጠይቃታለሁ።