የእንጅባራ ደን እንቁራሪቶችን በጆሮ ስከታተል

ጎጃም ውስጥ እንጅባራ አካባቢ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን እንቁራሪቶችን የምከታተለው በክረምት ማታ ማታ ነው። በመጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቀድኩ። «አባ፣ ከመሸ በኋላ ደኑ ዳር ቁጭ ብዬ የእንቁራሪት ድምፅ ልቅዳ?» ስላቸው፣ «እነሱም በቋንቋቸው ያመሰግናሉ፤ ግባ ልጄ፣ ብቻ ዘበኛው ይወቅህ» አሉኝ።

የእግር ኮቴ ሲሰሙ ሁሉም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ባትሪዬን አጥፍቼ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ለመጥራት፤ የየዝርያው ድምፅም ስለሚለያይ ሳያዩ መለየት ይቻላል። በስልኬ ስቀዳ ቀኑን፣ ቦታውንና ዝናብ መኖር አለመኖሩን መጀመሪያ በድምፄ እናገራለሁ። ይህ ካልተደረገ ቅጂው በኋላ ምንም አይረባም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌፕቶፔሊስ የሚባለው ወገን ነው። የዛፍ እንቁራሪቶች ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ በደጋ ሣር ውስጥ ከሚኖሩት አንዳንዶቹ ግን መሬት ቆፍረው ይገባሉ። አንዱን ከሣር ሥር አገኘሁት፤ ድብልብል ሰውነቱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚታዩት ዓይኖቹና እየተነፋ የሚሟሽሸው ጉሮሮው ብቻ ነበሩ። አልነካሁትም። እንቁራሪት በቆዳው ስለሚተነፍስና ውኃም በቆዳው ስለሚስብ፣ እጃችን ላይ ያለ ሳሙና ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት ይጎዳዋል። ወደ ሌላ ወንዝ ከመሄዴም በፊት ቦቲዬን አጥቤ አደርቃለሁ፤ ብዙ ዝርያዎችን በዓለም ዙሪያ የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋም ተገኝቷልና።

ቅጂዎቹን ሳዳምጥ ድምፁ የሚበረታው ከደኑ መሐል ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ፣ ጨፌው ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሌፕቶፔሊስ እንቁላሉን የሚጥለው ውኃ ዳር፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ የተፈለፈሉት ወደ ኩሬው ይገባሉ። ያ ዳርቻ ከታረሰ ወይም ባሕር ዛፍ ከተተከለበት፣ ደኑ አንድ ዛፍ ሳይቆረጥበት እንቁራሪቶቹን ያጣል። በአካባቢያችን ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍም ወደ ጨፌዎቹ እየተጠጋ መሆኑ በጣም ያሳስበኛል።

ቅጂዎቹን ለአባና ለደብሩ ሽማግሌዎች አሰማኋቸው። አጥሩ ሲታደስ የጨፌው ዳርቻም አብሮ እንዲከለል ጠይቄአለሁ። ከብት ያላቸው ጎረቤቶች ሣሩ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ በክረምት ከብት እንዳይገባበት፣ ሣሩ ግን ከመስቀል በኋላ እየታጨደ እንዲወሰድ ሐሳብ አቅርቤ እየተነጋገርንበት ነው።