የማን ዓይን ነው?

ጎንደር ላይ ስለ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ ስለ መጽሐፉና ከእሱ ስለተሠራው ተከታታይ ፊልም፣ ክርክር ከተነሳ፣ የሚጣሉት ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንድ ነገር እያወሩ አይደለም። ቲሪዮን ከሚባለው ገጸ ባሕርይ አንዱ የመጽሐፉን ይዟል፣ ሌላው የፊልሙን። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የተገናኙ ይመስላቸዋል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ መጨረሻው «አላነበብከውም» እና «በደንብ አላየኸውም» ነው።

ከተማው ለእንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለው እዚሁ ነው። የትርጓሜ መምህር ግን «አንድም» እያለ ከማውረዱ በፊት ንባቡን ያስቀምጣል። የእኛ ሰው ንባቡን ሳያስቀምጥ አንድምታው ላይ ይወጣል። የመጽሐፉን ወገን በልቤ ላይ ቤት፣ የፊልሙን ወገን ታች ቤት እላቸዋለሁ። በትርጓሜውም ቢሆን አብዝቶ የተስፋፋው ታች ቤት ነው፤ ስለዚህ ማንም አይቀየም።

እንግዲህ ንባቡ። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስት መጻሕፍት የወጡት እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ1998፣ በ2000፣ በ2005 እና በ2011 ነው። ፊልሙ ከኤፕሪል 2011 እስከ ሜይ 2019 በ8 ሲዝን 73 ኤፒሶድ ታየ። የመጀመሪያው መጽሐፍም መግቢያው ተቆጥሮ 73 ምዕራፍ ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ለማስታወስ ይመቻል። ሲዝን 1 መጽሐፍ አንድን፣ ሲዝን 2 መጽሐፍ ሁለትን ይከተላል፤ ሲዝን 3 እና 4 ሦስተኛውን ለሁለት ተካፍለውታል። እያነበበ ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች 7 ምዕራፍ አንብቦ 1 ኤፒሶድ ቢያይ እኩል ይደርሳል። በሦስተኛው መጽሐፍ 82 ምዕራፍ ለ20 ኤፒሶድ ስለሆነ 4 ምዕራፍ ይበቃል። ሲዝን 5 ላይ ይህ ስሌት ይፈርሳል። አራተኛውና አምስተኛው መጽሐፍ አንድ ላይ 119 ምዕራፍ ናቸው፤ ለአሥር ኤፒሶድ ሲካፈል ለአንዱ 12 ገደማ ይደርሰዋል። ከፊሉ ወደ ሲዝን 4 እና 6 መበተኑ ሒሳቡን ያለዝበዋል እንጂ አያድነውም። ከመጽሐፉ ሰዎች ወጣቱ ግሪፍ የለም፣ አርያን ማርቴል የለችም፣ ሌዲ ስቶንሃርት ጭራሽ አልተነሳችም። «ሲዝን 5 ለምን ተቻኮለ?» ለሚል መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ማካፈል ነው።

አራተኛውና አምስተኛው በአብዛኛው አንድ ጊዜን የሚተርኩ መሆናቸውንም መርሳት አያስፈልግም። ደራሲው የከፈላቸው በጊዜ ሳይሆን በአገር ነው፤ አንዱ ደቡቡንና ዋና ከተማውን ኪንግስ ላንዲንግን፣ ሌላው ሰሜኑንና ከባሕር ማዶ ያለውን ይዟል። ይህን ያላወቀ አንባቢ አራተኛውን ሲጨርስ «ቲሪዮን የት ገባ? ጆንስ?» ብሎ ይናደዳል፤ አንዳንዱም እዚያው ያቆማል።

ዋናው ነገር ግን ዓይን ነው። በመጽሐፉ ምዕራፎች ራስጌ ላይ በአብዛኛው የሰው ስም አለ፤ የሚታየው እሱ ያየው ብቻ፣ የሚታወቀውም እሱ ያወቀው ብቻ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከመግቢያው በቀር ዓይኖቹ ስምንት ናቸው፦ ኔድ፣ ካትሊን፣ ሳንሳ፣ አርያ፣ ብራን፣ ጆን፣ ቲሪዮን፣ ዴኔሪስ። የቲሪዮን እህት ንግሥት ሰርሲ የራሷን ምዕራፍ የምታገኘው በአራተኛው መጽሐፍ ነው። እስከዚያ ድረስ የምናያት በሚፈሯት፣ በሚጠሏትና በሚያመልኳት ሰዎች ዓይን ነው። ፊልሙ ግን ካሜራውን ገና በሲዝን 1 ክፍሏ ውስጥ አስገባው። በአምስተኛው ኤፒሶድ ሰርሲና ባሏ ንጉሥ ሮበርት ስለከሸፈ ትዳራቸው ተቀምጠው የሚያወሩበት ትዕይንት በመጽሐፉ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ሁለቱም ዓይን አልነበራቸውምና። ተመልካች የሚያዝንላት ከአንባቢ ቀድሞ መሆኑ አያስገርምም። «ሰርሲ ታሳዝናለች፣ አታሳዝንም» የሚለው ክርክር ግማሹ ይህ ነው።

የካትሊን ልጅ ሮብ ስታርክ ደግሞ በአምስቱም መጻሕፍት አንዲት ምዕራፍ የለውም። ጦር ሜዳ ሄደ ሲባል እንሰማለን፤ ከዚያ ጄይን ዌስተርሊንግ የምትባል ሚስት ይዞ ይመጣል፣ እኛም እንደ እናቱ እንደነግጣለን። ፊልሙ ጄይንን አውጥቶ ታሊሳን አስገባ፣ ፍቅራቸውን በዝግታ አሳየ፣ ነፍሰ ጡር አድርጎም ሮብና እናቱ በዋልደር ፍሬይ ቤት የሚገደሉበት ሰርግ ላይ አስቀመጣት። ጄይን ግን ሰርጉ ላይ አልነበረችም። ስለዚህ ቀዩ ሰርግ ለአንባቢ የእናት ሐዘን ነው፣ ለተመልካች የባልና ሚስት። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ አንዱን በሌላው መመዘን ግን አይቻልም። የእንግዳው ነገር ለኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የዋልደር ፍሬይን ዳቦና ጨው የቀመሰ ሰው ላይ ቢላ መምዘዝ ምን ማለት እንደሆነ አብሮ እንጀራ የቆረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላም ልዩነት አለ፦ በመጽሐፉ ከዚህ ሰርግ የሰርሲ ልጅ ንጉሥ ጆፍሪ እስከሚሞትበት ሰርግ ጥቂት ምዕራፍ ነው፤ በፊልሙ ከጁን 2013 እስከ ኤፕሪል 2014፣ አሥር ወር። ታች ቤት ሐዘን ላይ ብዙ ተቀምጧል።

በቅርብ መታየት ያለበት ቦታ የሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ነው። የሰርሲ መንትያና ፍቅረኛ ጄሚ ወንድሙን ቲሪዮንን ከእስር ሲያወጣው አንድ ነገር ይነግረዋል። ታይሻ፣ ቲሪዮን በልጅነቱ ያገባት ልጅ፣ ጄሚ በገንዘብ የገዛለት ሴተኛ አዳሪ አልነበረችም። ከልቧ ወድዳው ያገባች የድሃ ልጅ ነበረች፤ ያን ውሸት ያስዋሸው አባታቸው ታይዊን ነው። ቲሪዮን ወንድሙን ይመታዋል። ከዚያ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ጆፍሪን የገደልኩት እኔ ነኝ ይላል፣ ይሄ ውሸት ነው፤ ሰርሲ ከሌሎች ጋር ተኝታለች ይላል፣ ይሄ እውነት ነው። ወጥቶ አባቱን የሚጠይቀውም ታይሻ የት እንደተላከች ነው። በሲዝን 4 የመጨረሻ ኤፒሶድ ግን ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው በሰላም ይለያያሉ። የሚያበሳጨው፣ ፊልሙ የታይሻን ታሪክ በሲዝን 1 ዘጠነኛ ኤፒሶድ ቲሪዮን ራሱ ድንኳን ውስጥ ሲያወራው አሳይቶ ነበር። ዘርቶ አላጨደም።

ይህ አንድ ንግግር መቅረቱ ብዙ ነገር ያስከትላል። የመጽሐፉ ጄሚ ያቺ የቲሪዮን ቃል እየበላችው ይኖራል፤ በአራተኛው መጽሐፍ ሰርሲ ድረስልኝ ብላ የላከችውን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ያስጥለዋል። የፊልሙ ጄሚ ያን ቃል አልሰማም፤ ሲዝን 8 ላይ ተመልሶ ከሰርሲ ጋር ቢሞት በራሱ ሒሳብ ልክ ነው። የመጽሐፉ ቲሪዮን መራራ፣ የፊልሙ ለስላሳ አማካሪ የሆኑትም ከዚሁ ነው። «ጄሚን አበላሹት» የሚል ሰው ሲዝን 8ን ከመክሰሱ በፊት ሲዝን 4ን ይጠይቅ።

የስም ነገር ጀማሪን ያሳስታል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ ስታርክ የሚባል አንድ ሽማግሌ፣ ላኒስተር የሚባል ሌላ ሽማግሌ ያለ ይመስላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጆን አባት ስኖው የሚባል ሰው ነው ብሎ ሦስት ኤፒሶድ መጠበቅ ነው። ስኖው በሰሜን ለሚወለድ የታላላቅ ሰዎች ዲቃላ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው፤ በዶርን ሳንድ፣ በወንዞቹ አገር ሪቨርስ ይባላል። እኛ «የማን ልጅ» ብለን የምናነበው ስም እዚያ «አባቱ የማይጠራ» ማለት ነው።

የአማርኛ ሰብታይትል የሚሠራ ሰው ሦስተኛ ዓይን ነው፤ ከሁሉም የከበደው ሥራ አንተታና አንቱታ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል አለው። አማርኛው ሳንሳ ለጆፍሪ «እርስዎ» እንድትል ያስገድዳል፣ በምትጠላው ቀን እንኳ፤ የሳንሳ ጋሻ ያ ነውና። የጆፍሪ ጠባቂ ሳንዶር ክሌጌን ለማንም አንቱ አይልም። ቲሪዮን አባቱን ሲያናግር «እርስዎ» ቆይቶ ቀስቱን ሲያነጣጥር ወደ «አንተ» ቢወርድ፣ በእንግሊዝኛው የሌለ ነገር ተጨመረ ማለት ነው፤ እኔ ግን እፈቅድለታለሁ። ለንጉሡ «ሃንድ» ደግሞ «የንጉሡ እጅ» ከማለት «እንደራሴ» ይሻላል፤ ቃሉ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በሰሜን ግንቡን ለሚጠብቀው «ናይትስ ዎች» «የሌሊት ዘበኛ» ማለት ግን ጋቢ ለብሶ በር ላይ የሚያንቀላፋውን ሰውዬ ስለሚያመጣ «የሌሊት ዘብ» ይሁን።

ሰብታይትሉ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከመጣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 (የፊደል ማስቀመጫ ኮድ) አልተቀመጠም፤ በኖትፓድ ሲከፈት ፊደሉ በትክክል ከታየ በዚያ ማስቀመጥ ነው፣ እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷልና ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ በቪኤልሲ ማጫወቻ ጂ እና ኤች ቁልፎች ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየራቀ ከሄደ ግን ቁልፍ አይረዳውም፤ አንዱ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሌላው 23.976 ስለሆነ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ፤ መፍትሔው የፍሬም መጠኑን መቀየር ነው። የሲዝን 8 ሦስተኛ ኤፒሶድ፣ 82 ደቂቃው የሌሊት ጦርነት፣ የሚጨልመው በእናንተ ስክሪን ብቻ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ጨልሞ ነው የተቀረጸው። በጣም የተጨመቀ ቅጂ ሲሆን ጥቁሩ ወደ አራት ማዕዘን ይሰባበራል። ማታ፣ መብራት አጥፍቶ ማየት ነው፤ ብራይትነስ መጨመር ጥቁሩን ግራጫ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከዚያ የቀደመውን ዘመን የሚተርከው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ፊልም መጣ፤ የዓይኑ ነገር እዚህ ላይ ተገለበጠ። ምንጩ የ2018ቱ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይመስልም፤ ዜና መዋዕል ነው። ጊልዴይን የሚባል ሊቅ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ ምስክሮቹም እርስ በርስ ይቃረናሉ። ዩስታስ የሚባለው ቄስ መሰል ሰው ለአንዱ ወገን ያደላል፤ መሽሩም የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ነው፣ ነውሩን ሁሉ ያወራል። የጎንደር ነገሥታትን ዜና መዋዕል ላገላበጠ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ጸሐፊው የማንን እንጀራ እንደሚበላ አይቶ ነው የሚያነበው። ሁለት ንግሥቶች ስለ ልጅ ዙፋን ሲጋፉም እንግዳ አይሆንበትም፤ እቴጌ ምንትዋብና ምራታቸው ውቢት በኢዮአስ ዘመን ያደረጉት ፉክክር ራስ ሚካኤል ስሁልን ወደ ከተማው አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1769 በንጉሡ መገደል አልቋል።

ፊልሙ ከምስክሮቹ መሃል አንዱን አልመረጠም፤ የራሱን «እውነተኛው ይህ ነው» አመጣ። በመጽሐፉ ንግሥት አሊሰንት ዙፋኑን ከምትፎካከራት ከእንጀራ ልጇ ከሬኔራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ትበልጣለች፤ በፊልሙ እኩያና ጓደኛ ናቸው። በመጽሐፉ አሊሰንት ልጇን የምታነግሠው ስለፈለገች ነው፤ በፊልሙ የሚሞተው ንጉሥ የተናገረውን አጣምማ ስለሰማች። ላይ ቤት እዚህ ላይ «ሴትየዋን አቀለሏት» ይላል፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

የሲዝን 2 የመጀመሪያ ኤፒሶድ ላይ ያለው የሕፃኑ ግድያ ለብቻው ያከራክራል። በመጽሐፉ የአሊሰንት ልጅ ሄሌና ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ገዳዮቹ አንዱን ምረጪ ይሏታል፣ ታናሹን ሜይሎርን ትጠራለች። እነሱ ታላቁን ይገድላሉ። ከዚያ በኋላ ሜይሎርን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ የሚያሳብዳት እሱ ነው። በፊልሙ ሜይሎር አልተወለደም። የሚጠይቋት ከመንትዮቹ ወንዱ የትኛው እንደሆነ ነው፤ በጣቷ ታሳያቸዋለች። ማርቲን ራሱ በሴፕቴምበር 2024 ስለ ሜይሎር መቅረት ቅሬታውን ጽፎ ነበር።

በመጽሐፉ አሊሰንት እጇ ታስሮ አፏ ታፍኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፤ ሁሉንም አይታለች። በፊልሙ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ከክሪስተን ኮል ጋር ናት።